ባለ ትልቋ ታንኳ

«አንድ ባለ ታንኳ ነበረ» አሉ መሪጌታ ሐዲስ፣ ይሁኔ ጥያቄውን ጨርሶ ገና ሳይተነፍስ።

ይሁኔ ፈገግ አለ። የኔታ እንዲህ ብለው ሲጀምሩ መልሱ ዞሮ ዞሮ እንደሚመጣ ከልጅነቱ ያውቃል። ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ጸጉሩ ሸብቶ፣ በባሕር ዳር የታወቀ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ሆኖም፣ ነገር ሲጠናበት የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። የዛሬው ነገር መኪና ነበር። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያመላለሰች፣ ዘመድ አዝማዱን ለሠርግና ለለቅሶ ያደረሰች፣ ሦስት ረድፍ ወንበር ያላት ትልቅ መኪና አርጅታበታለች። ደላላው ያችኑ የምታክል ሌላ አግኝቶ «ነገ ቁርጡን ንገረኝ» ብሎታል። ነገር ግን ትልቁ ልጁ አዲስ አበባ ሥራ ይዟል፤ ሴቷ ጎንደር ተድራለች፤ የመጨረሻውም ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል።

«ትልቋን በትልቅ ልተካ ወይስ ትንሽ ይበቃኛል ልበል?» ነበር ያለው። «ስንት ወር አሰብኩት፤ አልቆረጠልኝም። ቤቱ ጭር ብሏል የኔታ። መኪናውም ትንሽ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ያለቀለት ይመስለኛል።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ለተማሪ እንደሚያስረዱ ሁሉ በዝግታ ነገሩት።

አንድ ባለ ታንኳ ነበረ አልኩህ። ቤቱ በጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ነው። ጌሾና ሎሚ ያበቅላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ማዶ ተሻግሮ ገበያ ያወጣል። እግዚአብሔር ልጅ አልነሣውምና ቤቱ ሙሉ ነበር። ስለዚህ ታንኳውም ትልቅ ነበረች። በዚያ ሁሉ ዳርቻ እሷን የምታክል አልነበረችም።

ታንኳ እንደ ቤት አይደለችም፤ ዕድሜዋ አጭር ነው። የምትታሰርበት ደንገል የሚባለው የውሃ ዳር ተክል ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ ሌላ ይታሰራል። ሰውየው አሮጌዋ በከበደች ቁጥር ከበፊቷ የምትረዝም ያሳስራል። «ሚስቱ ስታረግዝ ታንኳውም ታረግዛለች» እያሉ ጎረቤቶቹ ይቀልዱበት ነበር። የማዶ ሰዎች ስሙን ትተው «ባለ ትልቋ» ይሉታል። ወደ ገበያው ዳር ሲቃረብ «ባለ ትልቋ መጣ» ሲባል ይሰማል፤ ሲሰማም ደስ ይለዋል። ልጆቹ ይዘፍናሉ፤ በጉ ይጮኻል፤ ቦታ የለመነ ጎረቤት ከጌሾው ላይ ተቆናጧል፤ እሱ ከኋላ ሆኖ ይቀዝፋል። ያ እውነተኛ ደስታ ነበር፤ እኔም አልነቅፈው።

ሚስቱ የምትቀመጠው ከፊት ነው፤ ፊቷን ግን ወደ ኋላ አዙራ። ጀርባዋን ከጭነቱ ላይ አስደግፋ ወደ ልጆቹና ወደ ባሏ ትመለከታለች። አንዱ ልጅ ወደ ውሃው ሲያጋድል በልብሱ ጫፍ ጨምድዳ የምትመልሰው እሷ ናት። ስለዚህ ሲሄዱ ደሴቱ ሲርቅ ታያለች፤ ሲመለሱ ገበያው ሲርቅ ታያለች። የሚደርሱበትን ቦታ የምታየው ታንኳዋ መሬት ነክታ ስትቆም ብቻ ነው። ስለዚህ ነገር እሷም አንድ ቀን አልተናገረች፤ የጠየቃትም የለም።

ልጆች ያድጋሉ። አንዱ ማዶ አግብቶ እዚያው ጎጆ ወጣ። አንዷ ከተማ ገብታ መምህርት ሆነች። ሌሎቹም አንድ በአንድ፣ አንዳንዱ በሠርግ፣ አንዳንዱ በሥራ፣ ከታንኳዋ ወረዱ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ሰውየውና ሚስቱ ሁለት ከረጢት ጌሾ ጭነው ብቻቸውን ተሻገሩ። ታንኳዋ ከፊት ቀልላ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አነሣች። ነፋስ ሲነካት እንደ በር ትወዛወዛለች። ሰውየው ሲቀዝፍ ውሎ ማታ ትከሻውን በቅቤ አሳሸ።

ያች ታንኳ አረጀች። ደንገሉ ጠቆረ፤ ከውሃ ወጥታ ፀሐይ ላይ ብትሰጣም ክብደቷ አልወርድ አለ። ሌላ ማሳሰር ግድ ሆነ። ያኔ ነው ጭንቀት የገባው። ትልቅ ትሁን ወይስ ትንሽ?

ጎረቤቱን ጠየቀ። ጎረቤቱ «አንተ እኮ ባለ ትልቋ ነህ፤ በእንቁራሪት ጀርባ ላይ ተቀምጠህ ብትመጣ ገበያው ምን ይላል?» አለው።

የንስሐ አባቱን ጠየቀ። እሳቸውም «ከሚያስፈልግህ በላይ አትሻ» አሉት፤ የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ ግን አልነገሩትም።

ታንኳ የሚያስረውን ባለሙያ ጠየቀ። «እኔ ያዘዝከኝን አስራለሁ» አለው። «ትልቅም ታሰረ ትንሽም ታሰረ፣ የምትቀዝፈው አንተ ነህ።»

ለበዓል የመጣ የበኩር ልጁን ጠየቀ። ልጁ «አባዬ፣ እንደ ወደድክ» አለውና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ሰውየው ወጣ ወረደና አንድ ቀን ቆረጠ። ልጆቹ ለፋሲካ ይመጣሉ፤ የልጅ ልጆቹ ይከተላሉ፤ ባዶ ቢሆንም የክብር ባዶ ይሻላል ብሎ አሰበ። ባለሙያውን «እንደ በፊቷ፣ ቢቻል ትንሽ ትርዘም» አለው። ደንገሉም ታጭዶ በዳርቻው ላይ ተከመረ። ቤት የሚያክል ክምር ሆነ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ «ባለ ትልቋ አሁንም ባለ ትልቋ ነው» አለ። ሰውየው ይህን ሲሰማ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን አልተደሰተም።

ማሰሪያው ልጥ ስላነሰ ከማዶ ሊያመጡ ባልና ሚስት በአሮጌዋ ታንኳ ተሻገሩ። ሲሄዱ ባሕሩ እንደ መስታወት ነበር። ሲመለሱ ግን ከሰዓት በኋላው ነፋስ ቀድሞ ተነሣ። ባሕሩ መሐል ሳሉ ማዕበሉ ከጎን ይመታቸው ጀመር። ውሃ የጠጣችው ታንኳ ከበደች፤ ባዶው አፍንጫዋ ደግሞ ነፋሱን እየያዘ ያዞራታል። ሰውየው አንድ ጊዜ በቀኝ አንድ ጊዜ በግራ ቀዘፈ። ደሴቱ ግን ባለበት ነው። እንዲያውም ወደ ጎን፣ ድንጋይ ወደበዛበት ዳር ይገፉ ጀመር።

ሚስቱ እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ እሱ አዙራ ተቀምጣለች። ልጅ የለም፤ የምትይዘው የለም። የምታየው የባሏን ፊት ነው፤ ፊቱም አመድ መስሏል።

«አንድ መቅዘፊያ እዚህ ተርፏል» አለች። ልጆቹ ይቀዝፉበት የነበረ ነው፤ ከታንኳዋ ወለል ላይ ወድቆ ነበር።

«ተቀመጪ» አላት። «መቅዘፍ የት ታውቂና?»

«እዚህ ተቀምጬ እጅህን ሳይ ነው እኮ ያረጀሁት» አለችው።

ይህን ብላ ዞረች። በዚያ ሁሉ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዋን ለባሏ፣ ፊቷን ወደሚሄዱበት ሰጠች። በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች፤ መቅዘፊያውን ውሃው ውስጥ ሰደደች። የመጀመሪያው ውሃ ወደ ባሏ ፊት ተረጨ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ግን ዓይኗ ሲያየው የኖረውን እጇ አገኘው። እሷ ከፊት የታንኳዋን አፍንጫ እየያዘች፣ እሱ ከኋላ እየገፋ፣ ታንኳዋ ቀስ በቀስ ወደ መንገዷ ተመለሰች።

ሰውየው በፍርሃቱ ውስጥ ሆኖ አንድ ድምፅ ሰማ። የምታለቅስ መስሎት «አይዞሽ፣ ደረስን» አላት። ዞር ስትል ግን እየሳቀች ነበር። ጸጉሯ ረጥቦ ፊቷ ላይ ተለጥፏል፤ ጥርሷ ሁሉ ይታያል።

«ደሴቱ እየመጣ ነው» አለች። «እየው፣ ወደ እኛ እየመጣ ነው። ለካ እንዲህ ነው የሚመጣው።»

ሰውየው ምን እንዳስደሰታት ወዲያው አልገባውም። መሬት ነክተው፣ ልብሳቸውን ጨምቀው፣ ከደንገሉ ክምር አጠገብ ሲቀመጡ ነው የገባው። ሚስቱ በዚያ ሁሉ ቅዳሜ አንድ ጊዜ እንኳ የሚደርሱበት ቦታ ሲቀርብ አይታ አታውቅም። እሱ ደግሞ ይህን አላወቀም፤ ከፊቱ ተቀምጣ እያያት አላወቀም። ከዚያ በብዙ ጭንቀቱ ውስጥ ያልመጣለትን ነገር አደረገ። ጠየቃት።

«አንቺ ምን ትያለሽ? ታንኳዋ ትልቅ ትሁን ወይስ ትንሽ?»

ሚስቱ የዘነጠለችውን ደንገል ከእጇ ጣለች። «ትንሽ ትሁን» አለች። ለማሰብ አልቆመችም፤ መልሱ ከተዘጋጀ ቆይቷል። «ትንሽ ትሁንና ሁለታችንም እንቅዘፍ። ጭነቱ መሐል ይሁን። እኔ ከፊት ልሁን።»

«ልጆቹ ሲመጡስ?»

«ልጆችህ በሞተር ጀልባ መጥተው በሞተር ጀልባ ነው የሚመለሱት። የሚመጡት አንተን ለማየት ነው፤ ታንኳህን ለመሳፈር አይደለም።»

«የገበያው ሰውስ? ባለ ትልቋ ሲለኝ የኖረው?»

ይህን የጠየቃት በቀስታ ነበር፤ አፍሮ። እሷም አልሳቀችበትም። «እኔ ግን እንደዚያ ብዬ ጠርቼህ አላውቅም» አለችው። «እኔ በስምህ ነው የምጠራህ።»

ሰውየው በማግስቱ ወደ ባለሙያው ሄዶ ሐሳቡን ቀየረ። የተከመረው ደንገል ግን ለትንሽ ታንኳ እጅግ በዛ። በዚያው ደሴት የሚኖሩ ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ፤ መንታ ወልደው፣ ከመንታው በላይ አማት ተቀብለው፣ በጠባብ ታንኳ ተጨናንቀው የሚሻገሩ። ሰውየው የተረፈውን ደንገል ሁሉ ለእነሱ ሰጠ። ወጣቱ ባል «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ለእኛ?» ሲለው፣ «ለእናንተ ልኩ ነው፤ ለእኔ ልኩ ያለፈ ነው» አለው። ይህን ሲል ያዝናል ብለህ ታስብ ይሆናል። ሸክም እንዳወረደ ሰው ነበር የተነፈሰው።

ትንሿ ታንኳ ታሰረች። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለቱ ተሻገሩ። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፤ መጀመሪያ ላይ እሷ በቀኝ ስትቀዝፍ እሱም በቀኝ፣ እሷ ስትቀይር እሱም ሲቀይር፣ ታንኳዋ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደች ነበር። ተነታረኩ፤ ሳቁ። ገበያው ዳር ሲደርሱ አንድ ሰው «ባለ ትልቋ ዛሬ የት ቀረ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰውየው ልቡ ትንሽ ተነካ። ሚስቱ ግን «ከኋላ አስቀምጬዋለሁ፤ እቃውን አውርዶ ይመጣል» አለች። ዳርቻው ሁሉ ሳቀ፤ ሰውየውም ከሁሉ በላይ ሳቀ።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርህ። ሚስቱ አንዲት ታናሽ እህት ነበረቻት። ያገባችው ሌላ ደሴት ላይ ነው። የዚያ ደሴት ዳር ቄጠማ የሞላበት፣ ውሃው ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ትልቅ ታንኳ አይጠጋም። ስለዚህ እህትማማቾቹ የሚገናኙት ማዶ፣ ለቅሶ ቤት ነበር። ሁለቱም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ እንባቸውን እየጠረጉ፣ በሹክሹክታ። አንድ እሑድ ሚስቱ ከፊት ሆና ወደ ገበያው መንገድ ሳይሆን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረች። ባልየው «ወዴት ነው?» አለ። «ቅዘፍ» አለችው። ቀዘፈ። ትንሿ ታንኳ በቄጠማው መሐል እንደ ዳክዬ ገባች። እህቷ ዳሩ ላይ ልብስ ታጥብ ነበር። ቀና ስትል እህቷ ታንኳ እየቀዘፈች ስትመጣ አየች። መጀመሪያ «ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተ» አለቻት። «ልጠይቅሽ መጣሁ።»

እህቷ ልብሱን ውሃው ላይ ለቃ እልል አለች። ልብሱን ያመጣው ባልየው ነው፤ እስከ ጉልበቱ ገብቶ። የዚያን ቀን ዓሣ ተጠበሰ፤ ጠላ ተቀዳ፤ ጎረቤት ተጠራ። ሁለቱ ሴቶች ለቅሶ ቤት ሊያወሩት ያልቻሉትን ሁሉ አወሩ። ባልየው ከእህቷ ባል ጋር ተቀምጦ ሲበላ፣ ሚስቱ ስትጨፍር አየ። መቼ እንደጨፈረች ለማስታወስ ሞከረ፤ የመጣለት የራሳቸው ሠርግ ብቻ ነበር።

ፋሲካ ሲደርስ ልጆቹ ከነልጆቻቸው መጡ፤ በሞተር ጀልባ። ማንም ስለ ትልቋ ታንኳ አልጠየቀም። የልጅ ልጆቹ ግን አያታቸው እንደምትቀዝፍ ሲሰሙ ቤቱን አናጉት። ትንሿ ታንኳ የምትይዘው ሁለት ሦስት ልጅ ስለሆነ በተራ ተሳፈሩ። ቀኑን ሙሉ «አሁን ተራው የኔ ነው፤ ከእማማ ጋር የኔ ተራ ነው» የሚል ጭቅጭቅ ነበር። ሰውየው ዳሩ ላይ ተቀምጦ ተራ ያስጠብቃል። ያን ቀን የትልቋን ታንኳ ነገር አንድም ጊዜ አላሰበም።

መሪጌታ ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙ። ይሁኔ ቀጥሎ የሚመጣውን ይጠብቅ ነበር፤ ሳይመጣ ሲቀር «ገባኝ የኔታ» አለ። «ትንሹን ግዛ ማለትዎ ነው።»

«አላልኩም» አሉት። «እኔ ስለ መኪና ምን አውቄ? የአንተ ቤት ትልቅ ይሻ ትንሽ ይሻ አላውቅም። ይልቅ ሰውየው ማን ማንን እንደጠየቀ ልብ ብለሃል? ጎረቤቱን ጠየቀ፤ ንስሐ አባቱን ጠየቀ፤ ባለሙያውን ጠየቀ፤ ልጁን ጠየቀ። ሁሉም ክፉ አልመለሱለትም። ግን አንዳቸውም ከእሱ ጋር አይሳፈሩም። የቀረውን ዘመን አብራው የምትሳፈረው አንዲት ሰው ነበረች፤ እሷን ለመጠየቅ ማዕበል አስፈለገው። አንተስ ማንን ጠየቅህ?»

ይሁኔ አሰበ። «ወንድሜን። መካኒኩን። ደላላውን። የማኅበራችንን ሰዎች። አሁን ደግሞ እርስዎን።»

«እኔ በመኪናህ እሳፈራለሁ?»

«ኧረ የለም፤ መኪና ያዞረኛል ብለው እምቢ ይሉኝ የለ።»

«እንግዲህ አየህ። ምሳሌው ያንተ ነው። ሰው ወንበር ሲቆጥር ባዶውን ብቻ ያያል፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ይረሳል። ልጆችህ የወረዱበትን ቦታ እያየህ ስታዝን ያልወረደችውን አላየሃት። ትልቅ ትበል፣ ትንሽ ትበል፣ ከእሷ ጋር ተነጋግራችሁ የምትገዙት ልካችሁ ነው። ለመሆኑ ሚስትህ አትጠገብ አሁን የት ናት?»

ይሁኔ አንገቱን ደፋ። «እዚህ ከደጅ ናት። መኪናው ውስጥ ሆና እየጠበቀችኝ ነው።»

መሪጌታ ሐዲስ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እንግዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ ልጄ?» አሉት። «ሂድ ውጣ።»

ይሁኔ ወጣ። የመኪናውን በር ከፈተ፤ ሳይገባ እንደ ቆመ ሚስቱን አያት። እሷም ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየችው፤ ከየኔታ ክፉ ወሬ የሰማ መስሏት ነበር።

«አትጠገብ» አላት። «ለመሆኑ አንቺ ምን ትያለሽ? ምን ዓይነት መኪና ነው የምትፈልጊው?»

ባሏን ደህና መሆኑን እንደምትመረምር ሁሉ ለአፍታ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከሹፌሩ ወንበር ላይ አነሣችለት።

«ግባና በሩን ዝጋው» አለችው። «መልሱ ረዥም ነው።»

ገብቶ ዘጋው። መሪጌታ ሊሸኟቸው ደጃፋቸው ላይ ወጥተው ቆመው ነበር፤ መኪናዋ ግን ብዙ ቆየች፤ አልተነሣችም። መስኮቱ ተዘግቶ ስለነበር የሚሉት አልተሰማቸውም። ሳቃቸው ብቻ ይሰማ ነበር።